የቄስ ላርስ ፓውል ኤስብዮርን የሕይወት ታሪክና የአንዶቨር መካነ መቃብር

አንድ ደብር የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ ሕንፃው በየትኛው ዘመን እንደ ተፈጸመ፣ ስንት ሕፃናት እንደ ተጠመቁ፣ ስንት ሙሽሮች እንደ ተጋቡ፣ በየተራቸው ያገለገሉትም ካህናት እነማን እንደ ነበሩ ይቈጠራል። ይህም መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በቅጥሩ ውስጥ ያረፉት ሙታን ከዚህ ቍጥር ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ሙታን ለበዓል አይጠሩም፤ ስጦታም አያመጡም። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን የሕያዋን ብቻ አይደለችም። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ታሪካቸው ከመቃብር ስፍራ ጋራ የተያያዘ የአንድ ቄስ ሕይወት በአጭሩ እንዲጻፍ መልካም መስሎ ታየን። እኒህም ሰው ወደ ሰሜን አሜሪካ ለተሰደዱት ለስዊድን ሰዎች የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መሥራች መሆናቸው የሚታወቀው ቄስ ላርስ ፓውል ኤስብዮርን ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱም በኢሊኖይ አገር በአንዶቨር መንደር የምትገኘው፣ የደወል ማማ የሌላት ትንሽ ቤት ናት። ማማዋን ያጣችበትን ምክንያት አንባቢ በየስፍራው ያገኘዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኤስብዮርን በ1808 ዓመት በኦክቶበር ወር በ16 ቀን በስዊድን አገር፣ በሄልሲንግላንድ አውራጃ፣ ዴልስቡ በሚባል ደብር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸውም እናታቸውም ሞቱባቸውና በሰው እጅ አደጉ። ድህነትና የሙት ልጅነት ግን ከትምህርት አላገዷቸውም። በአቅራቢያቸው ባሉት ከተሞች ከተማሩ በኋላ ወደ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሃይማኖት ትምህርት አጠኑ፤ በ1832 ዓመትም ቅስና ተቀበሉ። መጀመሪያ ያገለገሉት በኤስተርቮላ ደብር በረዳትነት ነበር። ይህን የደብር ስም አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ በታሪኩ መጨረሻ ይመለሳልና። ከዚያ በኋላ በዬቭሌ ከተማ አጠገብ ወዳለው ወደ ኡስሌትፎሽ የብረት ማቅለጫ ስፍራ ተዛውረው ለሠራተኞቹ ቄስ፣ ለልጆቻቸውም መምህር ሆኑ።

በዚያ ዘመን በስዊድን ሕዝብ ላይ ሁለት ነገር ከብዶ ነበር። አንደኛው አረቄ ነው። ገበሬው ሁሉ በቤቱ አረቄ ያወጣ ነበርና እህሉም ጤናውም የቤተ ሰቡም ሰላም በዚያ ይጠፋ ነበር። ሁለተኛው በ1726 የወጣው ሕግ ነው። ይህም ሕግ ምእመናን ያለ ቄስ በየቤታቸው ተሰብስበው እንዳይጸልዩና ቃለ እግዚአብሔርን እንዳያነቡ የሚከለክል ነበር። ኤስብዮርን በአረቄ ላይ በተነሡት ሰዎች ማኅበር ገብተው በየመንደሩ እየዞሩ አስተማሩ። በስቶክሆልም ይሰብክ በነበረው በስኮትላንዳዊው በጆርጅ ስኮት ትምህርትም ልባቸው ነቃ። በዚህ ምክንያት ወዳጅም ጠላትም አፈሩ። አረቄ ሻጩ ጠላቸው፤ ከባልንጀሮቻቸው ካህናትም እንደ ሁከተኛ የቈጠሯቸው ነበሩ። ደህና ደብር ለማግኘትም ሳይመቻቸው ዓመታት አለፉ።

በዚህ መካከል የስዊድን ሰው ወደ አሜሪካ መሰደድ ጀመረ። የመሬት ማነስና የመከር መክፋት ያስወጣው ነበረ፤ የሃይማኖት ሕግ ያስመረረውም ነበረ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የኤሪክ ያንሶን ጭፍራ ነው። ይህ ሰው በተወለደበት ዘመን ኤስብዮርንን ይመስላል፤ እሱም የ1808 ልጅ ነው። ነገር ግን ራሱን ከእግዚአብሔር የተላከ ልዩ ነቢይ አድርጎ መጻሕፍትን እስከ ማቃጠል ደረሰ። ከ1846 ጀምሮም ከሺህ የሚበልጡ ተከታዮቹን ወደ ኢሊኖይ አሻግሮ ቢሾፕ ሂል የሚባለውን መንደር መሠረተ። ከእነዚያ ብዙዎቹ የሄልሲንግላንድ ሰዎች ማለት የኤስብዮርን አገር ልጆች ነበሩ። ከዚያ አገር በሚመጣው ደብዳቤ ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ መበተኑ፣ ሕፃን የሚያጠምቅ፣ ሙት የሚቀብር፣ ሥጋ ወደሙ የሚያቀብል ቄስ ማጣቱ ይሰማ ነበር።

ኤስብዮርን ይህን ሰምተው ሊቀመጡ አልቻሉም። ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ሞልቶ፣ ባለ ሚስትና ባለ ልጆች ሳሉ፣ ወደማያውቁት አገር ሊሄዱ ቈረጡ። በ1849 በጁን ወር መጨረሻ ኮብደን በምትባል መርከብ 140 ከሚያህሉ ሰዎች ጋራ ከዬቭሌ ወደብ ተነሡ። ሚስታቸው አማሊያ በሥጋ ደካማ ነበሩ፤ ሆኖም አብረው ሄዱ።

የዚያን ዘመን ጉዞ ዛሬ ለምናነበው ሰዎች ማስረዳት ያስፈልጋል። ስደተኛው በመርከብ ሆድ ውስጥ ተጨናንቆ ባሕሩን ለመሻገር ሁለት ወር ያህል ይፈጅበት ነበር። ኒው ዮርክ ከደረሰ በኋላ በወንዝና ሰዎች በቈፈሩት የውኃ መንገድ በጀልባ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች፣ በሐይቆቹም ላይ እስከ ቺካጎ ይጓዛል። ከቺካጎም በ1848 የተከፈተ ሌላ የውኃ መንገድ አለ፤ ከዚያ ወዲያ በሠረገላ ነው። በዚህ መንገድ ሁሉ የሚጠጣው የወንዙንና የጕድጓዱን ውኃ ነው፤ የሚተኛውም እንደ ዕቃ ተደራርቦ ነው። በ1849 ደግሞ ኮሌራ የሚባለው ወረርሽኝ በዚሁ መንገድ ከስደተኛው ጋራ ይሄድ ነበር።

ኮሌራ በጧት ጤነኛ የነበረውን ሰው ለማታ ሬሳ የሚያደርግ በሽታ ነው። በትውከትና በተቅማጥ የሰውነትን ውኃ ሁሉ አፍስሶ ይገድላል። በዚያ ጊዜ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም፤ ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በሎንዶን በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ ያስረዳው በ1854 ነው፤ ብዙ ሰዎች ግን ቶሎ አላመኑትም። ዛሬ ንጹሕ ውኃ በጨውና በስኳር በጥብጦ ለበሽተኛው በጊዜ ቢያጠጡት ከሞት የሚድነው እጅግ ብዙ ነው። የአንዶቨር ሰዎች ግን ይህን አላወቁም ነበርና፣ በጥም የሚሞተውን ሰው አንዳንድ ጊዜ ውኃ እየከለከሉ ይቀብሩት ነበር።

ኤስብዮርንም በጉዞው ላይ በልጅ ሞት አዘኑ፤ ቺካጎ ሲደርሱም ኮሌራው እሳቸውን ያዛቸው። አብረዋቸው የመጡት ጥቂት ቈይተው ወደ ፊት ሲሄዱ እሳቸው በአልጋ ላይ ቀሩ። ከሞት አፋፍ ተመልሰው አንዶቨር በደረሱ ጊዜ ያገኙት ከተማ አልነበረም። አንዶቨር በ1835 የተመሠረተች፣ በሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ጥቂት ቤቶች ብቻ ያሏት መንደር ነበረች። ከመርከቡ አብረዋቸው ከወረዱት ሰዎች አንዳንዱ በመንገድ ቀርቷል፣ አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱም በአቅራቢያው ይሰብክ ወደ ነበረው ወደ ሜቶዲስቱ ዮናስ ሄድስትሮም ተጠግቷል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቢሾፕ ሂልም በዚያው ዓመት ኮሌራው ከመቶ በላይ ሰው ፈጀ። ይህ አገር ለአዲስ መጪ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው መሬት ለእርሻ የሚሆነውን ሳይሆን የመቃብሩን ነበር።

ይህን ስንጽፍ አባታችን አብርሃም ትዝ ይለናል። እግዚአብሔር የከነዓንን ምድር ሁሉ ተስፋ ከሰጠው በኋላ፣ በገንዘቡ ገዝቶ የራሱ ያደረገው መጀመሪያ መሬት ለሚስቱ ለሣራ መቃብር ነው። እንግዳ ሰው ሬሳውን የሚያሳርፍበት መሬት እስኪኖረው ድረስ እንግዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን አገሩን ጥሎ ለመሄድ ያዝናል። የአንዶቨር ስዊድናውያንም ነገር እንዲሁ ሆነ።

በ1850 ዓመት በማርች 18 ቀን ኤስብዮርን በአንዶቨር የሉተራን ጉባኤ መሠረቱ። በመጀመሪያ የተመዘገቡት ነፍሳት 10 ብቻ ነበሩ። ቄሱ ደመወዝ የሚሰጣቸው የአገር መንግሥት አልነበረም፤ እንደ ስዊድን የደብር መሬትና አሥራት የለም። ለአገር ውስጥ ስብከት የቆመ አንድ የአሜሪካ ማኅበር በዓመት 300 ዶላር ረዳቸው። እሳቸውም በአንዶቨር ብቻ ሳይወሰኑ ወደ ሞሊን፣ ወደ ጌልስበርግና ወደ ሌሎችም መንደሮች በበረዶና በጭቃ እየተመላለሱ የተበተኑትን ይሰበስቡ ነበር። የሚሰብኩት በሰው ቤት፣ በትምህርት ቤትም ነበር። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም።

ስለዚህ በ1851 ወደ ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ለልመና ሄዱ። ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ በሚያውቁት ጥቂት እንግሊዝኛ የወገናቸውን ችግር አስረዱ። የጀርመን ዘር ያላቸው የሉተራን ካህናት ተቀብለው ረዷቸው። በቦስተን ከተማ ግን ያላሰቡት ሆነ። በዚያ ወራት ዬኒ ሊንድ የምትባል ስመ ጥሩ ስዊድናዊት ዘፋኝ በአሜሪካ እየዞረች ትዘምር ነበር። ከ1850 ጀምሮ በየከተማው እሷን ለመስማት የሚሰበሰበው ሕዝብ የትየለሌ ነበር። ኤስብዮርን ወደ እሷ ገብተው ነገሩን ቢነግሯት 1500 ዶላር ሰጠቻቸው። ይህም ገንዘብ ለቄሱ ከሚሰጠው ርዳታ የአምስት ዓመቱን ያህል ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱ እስከ ዛሬ በዬኒ ሊንድ ስም ትጠራለች።

ሥራው በዚያው ዓመት ተጀመረ። የታሰበው ቤት ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር የሚያህል ሆኖ፣ ከሥሩ ምድር ቤት ያለው፣ ከላዩም የደወል ማማ የሚቆምለት ነበር። ማማ ለስዊድን ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። በአገሩ ሳለ ከሩቅ መንገድ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው የደብሩን ማማ ነው፤ ሲወለድም ሲሞትም ስለ እሱ የሚናገረው በማማው ላይ ያለው ደወል ነው። በዚያ ገደል እንኳ በሌለበት ሜዳ ላይ ማማ ቢቆም፣ እዚህ ወገን አለ ብሎ ለመንገደኛው ሁሉ የሚናገር ምልክት በሆነ ነበር። ለዚሁ የሚሆን ሣንቃ ተሰንጥቆ ተዘጋጀ።

ሥራው ግን ፈጥኖ አልሄደም። ዝናብ አስቸገረ፤ እንጨቱን መሰንጠቅም አድካሚ ነበር። ከዚህም ሁሉ በላይ በ1852ና በሚከተሉት ዓመታት ስደተኛው እንደ ጎርፍ መጣ። ከመርከብና ከጀልባ ወርዶ አንዶቨር ሲደርስ ገንዘቡን ጨርሷል፤ ቤት የለውም፤ ብዙውም በሽታውን ይዞት መጥቷል። ያልተፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለእነዚህ ማደሪያና የሕሙማን ቤት ሆነ። ሊጸልዩበት በሚሠሩት ቤት ወለል ላይ ሕሙማን ተኙበት፤ ከዚያም ሬሳ ይወጣ ጀመረ።

ሬሳ ደግሞ ሣጥን ያስፈልገዋል። ዛፍ ቈርጦ፣ አጓጕዞ፣ አሰንጥቆ ሣንቃ እስኪገኝ ድረስ በኮሌራ የሞተ ሰው በበጋ ሙቀት ሊቈይ አይችልም። ያን ጊዜ ለማማው የተዘጋጀው ሣንቃ በቅጥሩ ውስጥ ነበረ። ምእመናኑም ያን ሣንቃ አንሥተው የሬሳ ሣጥን አደረጉት። አንድ ሰው ሞተ፣ ሣጥን ተሠራለት፤ ሌላውም ሞተ፣ ለእሱም ተሠራለት፤ እንዲህ እያለ የማማው እንጨት አለቀ። ሙታኑም በቤተ ክርስቲያኒቱ አጠገብ ተቀበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ድንጋይ የቆመላቸው አይደሉም፤ ስማቸውን የሚያውቅ ዘመድ ገና በስዊድን ነበር፤ ወይም አብሯቸው ሞቷል።

ይህን ነገር ሁለት ዓይነት አድርጎ ማየት ይቻላል። በአንድ ወገን፣ ለእግዚአብሔር ቤት ተለምኖ የተገኘ ገንዘብ፣ ለቤቱም ጌጥ የተሰነጠቀ እንጨት፣ ከሰጪዎቹ ሐሳብ ውጭ ለሌላ ነገር ዋለ የሚል ይኖራል። በሌላ ወገን ግን፣ ሙታንን መቅበር ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ አስተምራለች። ጦቢትም በስደት አገር የወገኖቹን ሬሳ በመቅበሩ ተመስግኗል። ሕያዋን ሳንቃውን ለራሳቸው ቤት ወስደውት ቢሆን ኖሮ ነውር በሆነ ነበር። እነሱ ግን የሰጡት ብድር ለማይመልስ፣ ስሙንም እንኳ አጣርተው ለማያውቁት እንግዳ ነው። ስለዚህ ማማው ጠፋ ማለት አይገባም፤ ወደ ላይ የሚቆመው በመሬት ውስጥ ተኛ እንጂ።

ቄሱም ከዚህ ኀዘን ርቀው የቆሙ አልነበሩም። በ1852 ዓመት ሚስታቸው አማሊያ ዐረፉ። አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው ባሕር ተሻግረው ከመጡ ገና ሦስት ዓመት ነበር። ኤስብዮርን የሌላውን ሙት በቀበሩበት እጅ የራሳቸውንም ቀበሩ። እናት ያጡት ልጆች ቀሩባቸው። ሆኖም በዚያው ዓመት ሥራውን አልተዉም። ከስዊድን ሌላ ቄስ እንዲመጣ ለምነው ነበርና ቱፌ ኒልሶን ሃሰልክቪስት በ1852 መጥተው የጌልስበርግን ጉባኤ ተቀበሉ፤ በ1853ም ቄስ ኤርላንድ ካርልሶን ወደ ቺካጎ መጡ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ማማ ሳይኖራት ተፈጽማ በ1854 ዓመት በዲሴምበር 3 ቀን ተባረከች። በዚያን ቀን ወደ ቅዳሴው የገባው ምእመን ሁሉ ያለፈው በአዳዲስ መቃብሮች አጠገብ ነው።

ከዚህ በኋላ የኤስብዮርን ሥራ ከአንድ ደብር ወደ ብዙ ደብር ሰፋ። በ1856 በዚያው በኢሊኖይ ወዳለችው ወደ ፕሪንስተን ተዛወሩ። በ1858 ደግሞ የስዊድንና የኖርዌይ ልጆችን ለቅስና የሚያስተምር መምህር ሆነው በስፕሪንግፊልድ ከተማ በነበረው የሉተራኖች ዩኒቨርሲቲ ተሾሙ። ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ አለቆች ጋራ በሃይማኖት አነጋገር አልተስማሙም። እሳቸው የአባቶች የእምነት መግለጫ ሳይሸራረፍ ይጠበቅ ባይ ነበሩ። በ1860 መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀው ወደ ቺካጎ ሄዱ፤ ተማሪዎቻቸውም ተከተሏቸው። በዚያው ዓመት በጁን ወር የስዊድንና የኖርዌይ ጉባኤዎች በዊስኮንሲን ተሰብስበው የአውጉስታናን ሲኖዶስ አቆሙ። አውጉስታና የተባለበት ምክንያት በ1530 በአውግስቡርግ ከተማ የቀረበው የሉተራን የእምነት መግለጫ በላቲን ቋንቋ በዚህ ስም ስለሚጠራ ነው። ያን ጊዜ ሲኖዶሱ 49 ጉባኤዎችና አምስት ሺህ የሚያህሉ ምእመናን ነበሩት። ከዐሥር ዓመት በፊት ከ10 ነፍሳት ጋራ በአንዶቨር የጀመሩት ኤስብዮርን ለአዲሱ የካህናት ትምህርት ቤት መጀመሪያ አለቃ ሆኑ።

ትምህርት ቤቱ ግን መጽሐፍና ገንዘብ የሌለው ነበር። ስለዚህ ኤስብዮርን በ1862 ለርዳታ ወደ ስዊድን ተመለሱ። የስዊድን ንጉሥ ካርል 15ኛም ከግል መጻሕፍቱ 5000 የሚያህሉ ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። ወደ አገራቸው በገቡ ጊዜ ግን የቀድሞው ፍቅር በልባቸው ተቀሰቀሰ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በሰውነትም ደክመዋል፤ በአሜሪካ የነበረው ክርክርም አሰልችቷቸዋል። በወጣትነታቸው ረዳት ሆነው ያገለገሉበት የኤስተርቮላ ደብር አለቅነትም ተገኘ። በ1863 ይህን ሹመት ተቀብለው ከቤተ ሰባቸው ጋራ ተመለሱ። የትምህርት ቤቱን አለቅነት ሃሰልክቪስት ተረከቡ፤ ትምህርት ቤቱም በ1875 ሮክ አይላንድ በሚባል ከተማ ተተክሎ እስከ ዛሬ አለ።

ብዙ ሰው መንጋቸውን ትተው ሄዱ ብሎ ያዘነባቸው ነበረ። ለሌላው ቋሚ አገር የመሠረተ ሰው እንዴት ራሱ እንደ እንግዳ ይመለሳል የሚል ነገር በእውነት ከባድ ጥያቄ ነው። ግን ሰው በሁለት አገር ልቡን ከከፈለ፣ በየትም ቢኖር ግማሹ በስደት ነው። በስዊድን ሳሉ የተሰደዱት ወገኖች ያሳዝኗቸው ነበር፤ በአሜሪካ ሳሉ የትውልድ አገራቸው ይናፍቃቸው ነበር፤ ወደ ስዊድን ከተመለሱ በኋላ ደግሞ የአማሊያ መቃብር በአንዶቨር ነበር። ቄስ ኤስብዮርን በኤስተርቮላ ሰባት ዓመት አገልግለው በ1870 ዓመት በጁላይ 2 ቀን ዐረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። ከልጆቻቸው ተመልሰው አሜሪካ የኖሩ ነበሩ፤ አንዱም በአውጉስታና ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ባልና ሚስቱ በታላቁ ባሕር ወዲያና ወዲህ ተለያይተው የትንሣኤን ቀን ይጠብቃሉ።

አንዶቨርም አላነሰችም። ምእመናኑ ስለ በዙ ትንሿ ቤት አልበቃችምና፣ በአጠገቧ ታላቅ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ በዚያው በ1870 ተፈጸመ። አሮጌዋ ቤት ግን አልፈረሰችም። በክብር ተጠብቃ በ1975 በአሜሪካ መንግሥት በሚጠበቁት የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ገባች። የአውጉስታና ሲኖዶስም በ1962 ከሌሎች የሉተራን ማኅበራት ጋራ ተዋሕዶ ለብቻው መቆሙ አበቃ። ሲኖዶሱ በስሙ ባይኖርም ማማ የሌላት ቤትና በአጠገቧ ያሉት መቃብሮች አሉ። ሊጐበኛት የሚመጣው ሰው ማማዋ የት እንዳለ ሲጠይቅ፣ የሚያሳዩት ሣር የለበሰውን መሬት ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛም አገር ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ኤስብዮርንን ያነቃው የስዊድን ሕዝብ መንፈሳዊ መነሣሣት በ1856 የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን የሚባለውን ማኅበር ወለደ። ያም ማኅበር የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ደረሱ። ወደ ኩናማ አገር በገቡ ጊዜ ከእነሱና በኋላ ከመጡት በንዳድ የሞቱ፣ በሰው እጅም የተገደሉ አሉ፤ በባዕድ አፈር ተቀበሩ። በ1872 በማርች 31 ቀን በምጽዋ አጠገብ በዚሁ ሚስዮን እጅ የተጠመቀው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ከባርነት የወጣ ልጅ ሆኖ፣ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮሞ ቋንቋ ተርጕሞ በ1899 አሳተመ። ኤስብዮርን በኤስተርቮላ ያረፉት ከዚያ ጥምቀት በፊት ነው። ሁለቱ አልተዋወቁም፤ ነገር ግን ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ወንዞች ወደ ሁለት ዓለም ፈሰሱ፤ በሁለቱም ዳር መቃብር አለ።

እንግዲህ ከቄስ ኤስብዮርን ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? ሰውዬው ፍጹም አልነበሩም፤ ተከራክረዋል፣ ደክመዋል፣ ተመልሰዋልም። የጀመሩትንም ሁሉ በእጃቸው አልፈጸሙም። ግን በክፉው ዘመን የእግዚአብሔርን ቤት ጌጥና የእግዚአብሔርን ሕዝብ ችግር ባወዳደሩ ጊዜ፣ እሳቸውና ምእመኖቻቸው የቱ እንደሚቀድም አላጡትም። የቤተ ክርስቲያን ክብር በከፍታዋ ይለካል የሚል ሰው ከአንዶቨር ቤት ፊት ቢቆም ጐደሎ ቤት ያያል። የቤተ ክርስቲያን ክብር ለታናሹ ባደረገችው ይለካል የሚል ሰው ግን ከዚያች የሚበልጥ ረጅም ማማ አያገኝም።

እኛም በኢዮቤልዩ ቀን ደወል ተደውሎ፣ ግቢው በሰው ሞልቶ፣ ደስታው ሲበዛ፣ ከምግቡና ከንግግሩ በፊት ጥቂት ጊዜ ወስደን ወደ መቃብሩ ስፍራ ዞር ብንል መልካም ነው። ድንጋይ ያላቸውን ስማቸውን እናንብብ፤ ድንጋይ የሌላቸውን ግን እናስባቸው። የወደቀውን ምልክት እናንሣ፣ እሾኹን እንንቀል፣ የቀሩትን ሽማግሎችና ባልቴቶች ማን የት እንደ ተቀበረ ጠይቀን በደብሩ መዝገብ እንጻፍ። ሽማግሎቹ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝምና። ይህን ያደረገ ደብር የኢዮቤልዩውን ቍጥር ሞላ፤ ከሕያዋኑ ጋራ ሙታኑን ቈጥሯልና። እግዚአብሔር በዚያም በዚህም አገር ያረፉትን ያሳርፍልን፤ እኛንም ለታናናሾች የምንራራ ያድርገን። አሜን።